ፕሮግራምን በየሰርቨሩ አስተካክሎ ስለ መትከል

ዛሬ መንግሥታትና ባንኮች፣ የንግድ ኩባንያዎችና ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን የሚያካሂዱት በኮምፒዩተር አማካይነት መሆኑ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ባለጉዳይ በስልኩ ላይ የሚያየው አንድ ገጽ ብቻ ስለ ሆነ፤ ከገጹ በስተኋላ ያለውም መሣሪያ አንድ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ ሕዝብ የሚገለገልበት ሥራ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢቀመጥ ሸክሙ ስለሚከብደው፤ ያም አንድ ሰርቨር የተበላሸ እንደ ሆነ አገልግሎቱ ሁሉ ስለሚቋረጥ፤ ያው አንዱ ፕሮግራም በአራትም በስምንትም በመቶም ሰርቨሮች ላይ ተተክሎ ይሠራል። ባለጉዳዩ ዛሬ ከአንደኛው ነገ ከሌላው ጋራ ይገናኛል እንጂ ከየትኛው ጋራ እንደ ተገናኘ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጡት ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ፕሮግራም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በልዩ ልዩ ስፍራ ያልፋል። መጀመሪያ ጸሐፊዎቹ በሚሠሩበት ስፍራ ይዘጋጃል፤ ቀጥሎም በመፈተኛው ስፍራ ይመረመራል፤ ከዚያም ዋናውን በሚመስል መለማመጃ ስፍራ ይታያል፤ በመጨረሻም ሕዝብ በሚገለገልበት በዋናው ስፍራ ይተከላል። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚገኘው አራቱ ስፍራዎች የተመሳሰሉ ሲሆኑ ብቻ ነው። በመፈተኛው ስፍራ ያለው የቶምካት ሰርቨር በአንድ ዓይነት ጃቫ፣ በዋናው ስፍራ ያለው በሌላ ዓይነት ጃቫ የሚሠራ ከሆነ፤ በፈተናው የተገኘው ደኅንነት ለዋናው ምስክር ሊሆን አይችልም። ባለሙያዎች ተጠርተው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ «እኔ ዘንድ እኮ ይሠራል» ብለው የሚመልሱት ከዚህ የተነሣ ነው። ቃላቸውም ሐሰት አይደለም፤ በእነሱ ዘንድ በእርግጥ ይሠራል።

ሰርቨሮቹ ሲገዙ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ከዓመት በኋላ ስለ ምን ይለያያሉ ቢባል፤ ምክንያቱ የሰው እጅ ነው። በእኩለ ሌሊት አገልግሎት በተቋረጠ ጊዜ ተረኛው ባለሙያ ከቤቱ ተጠርቶ ይመጣል፤ አንዱን ሰርቨር ከፍቶ አንዲት መስመር ይለውጣል፤ አገልግሎቱም ይመለሳል። አለቃው ያመሰግነዋል፤ ማመስገኑም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ያች መስመር በሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ አልተለወጠችም፤ በመዝገብም አልተጻፈችም። ከሦስት ወር በኋላ ሌላው ባለሙያ በሌላው ሰርቨር ላይ ሌላ መስመር ይለውጣል። የመጀመሪያው ሰው ደግሞ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፤ የሠራውንም በልቡ ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እየሆነ ሲቆይ እያንዳንዱ ሰርቨር የየራሱን ጠባይ ያወጣል፤ ማንም ሊነካው የሚፈራው አሮጌ ሰርቨር በብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚገኘውም ስለዚህ ነው። ማርቲን ፋውለር የተባለው እንግሊዛዊ የፕሮግራም ሊቅ በ2012 (የውጭ አገር ነገር በሚነገርበት ስፍራ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለውን ሰርቨር የበረዶ ቅንጣት ብሎ ጠርቶታል፤ ከበረዶ ቅንጣት አንዱ ሌላውን አይመስልምና።

መጽሐፍ መገልበጥን የሚያውቁ ሊቃውንት ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ቁም ጸሐፊ ከአብነቱ እየተመለከተ ሲጽፍ ዓይኑ ከአንዱ ቃል ዘሎ ከታች በሚገኘው ተመሳሳይ ቃል ላይ ያረፈ እንደ ሆነ በመካከል ያለው መስመር ይቀራል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠውም ጉድለቱን ጨምሮ ይገለብጣል። ከአብነቱ ጋራ እያነጻጸሩ ማረም ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በሰርቨሩ ዘንድ ግን ነገሩ ይብሳል፤ የመጽሐፉ ግድፈት በሚያነበው ሊቅ ዓይን ፊት ይቆማል፤ የሰርቨሩ ግድፈት ግን ጥፋት እስኪያደርስ ድረስ ለማንም አይታይም።

ይህን ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳይ ታሪክ በአሜሪካ አገር የሆነው ነው። ናይት ካፒታል የተባለው ኩባንያ በኒው ጀርዚ ግዛት በጀርዚ ሲቲ ከተማ ተቀምጦ የአክሲዮን ሽያጭና ግዢ የሚያካሂድ ታላቅ ድርጅት ነበረ። በ2011 እና በ2012 በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጠውና ከሚገዛው አክሲዮን ከመቶው ዐሥር ያህሉ በዚህ ኩባንያ እጅ ያልፍ ነበር። የደንበኞችን ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ገበያ የሚያከፋፍለው ስማርስ የሚባል ፕሮግራም ሲሆን፤ እሱም በስምንት ሰርቨሮች ላይ ተተክሎ ነበር።

የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ኦገስት 1 ቀን 2012፤ ይኸውም ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም.፤ ለተራ ሰዎች ግብይት የሚሆን አዲስ ደንብ ሊጀምር ነበርና ናይት ካፒታል ስማርስን ለዚሁ አሻሻለ። አዲሱ ኮድ የተተካው ፓወር ፔግ በሚባል አሮጌ ኮድ ስፍራ ነው። በፓወር ፔግ መገልገል ከቆመ ከ2003 ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ማንም ስላላጠፋው በሰርቨሮቹ ውስጥ ተኝቶ ይኖር ነበር። ይህ ኮድ በሥራ ላይ ሳለ የተፈጸመውን ግብይት እየቈጠረ የታዘዘው መጠን ሲሞላ መላኩን ያቆም ነበር። በ2005 ግን ቈጣሪው ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ ከተዛወረም በኋላ ፓወር ፔግ በደኅና ይሠራ እንደ ሆነ ማንም አልፈተነውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጓም የሌለው ፈረስ ሆኖ ቀረ። ከዚህም በላይ የአዲሱ ኮድ ጸሐፊዎች ቀድሞ ፓወር ፔግን ያስነሣ የነበረውን ምልክት ወስደው አዲሱን ሥራ እንዲያስነሣ አደረጉት። እንግዲህ አንዱ ምልክት በአዲሱ ኮድ ዘንድ አንድ ትርጉም፣ በአሮጌው ኮድ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው ማለት ነው።

ከጁላይ 27 ቀን ጀምሮ አዲሱ ኮድ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተደረገ በሰርቨሮቹ ላይ ተተከለ። የተከለውም የሰው እጅ ነው። ሰባቱ ደረሳቸው፤ ስምንተኛው ተዘነጋ። የተተከለውን ሁለተኛ ሰው አይቶ እንዲያረጋግጥ አልተደረገም፤ እንዲያረጋግጥ የሚያዝዝ የተጻፈ ደንብም በኩባንያው አልነበረም።

በተባለው ቀን ጠዋት ገበያው ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አስቀድሞ የኩባንያው መሣሪያዎች ፓወር ፔግን የሚጠቅስ የስሕተት መልእክት በኢሜይል ይልኩ ጀመር። ገበያው እስኪከፈት ድረስ እንዲህ ያለ መልእክት 97 ጊዜ ለሠራተኞች ተልኳል። መልእክቱ ለማስጠንቀቂያ ተብሎ የተዘጋጀ ስላልነበረ፤ ሠራተኞቹም እንዲህ ያለውን የማንበብ ልማድ ስላልነበራቸው፤ የሚያየው ጠፋ። ገበያው ሲከፈት በስምንተኛው ሰርቨር የተኛው አሮጌ ኮድ ምልክቱን አይቶ ተነሣ። 212 የደንበኞች ትእዛዞች ደርሰውት እነዚህን ሊፈጽም ሲል ማቆሚያ ስለሌለው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ትእዛዞችን ወደ ገበያ አፈሰሰ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ 4 ሚሊዮን ግብይት ተፈጸመ፤ የተሸጠውና የተገዛውም አክሲዮን ከ397 ሚሊዮን በላይ ነበር። ኩባንያው ሳያስበው በ80ዎቹ 3 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ገዥ፣ በ74ቱ ደግሞ 3 ቢሊዮን ከ150 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሻጭ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሸክም ከላዩ እስኪያራግፍ ድረስ የደረሰበት ኪሣራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

በዚያ 45 ደቂቃ ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ባለሙያዎቹ እሳቱን ለማጥፋት ሲሯሯጡ ያደረጉት ነው። በአንደኛው ሙከራቸው አዲሱን ኮድ በትክክል ከተተከለባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት። ሲያነሡት በሰባቱም ውስጥ ያለው አሮጌ ኮድ ተገለጠ፤ ምልክቱ ግን ከደንበኞች ዘንድ መምጣቱን አላቋረጠም፤ ስለዚህ ቀድሞ አንዱ ብቻ ያደርገው የነበረውን ጥፋት ሰባቱም ያደርጉት ጀመር። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በስምንቱ ሰርቨሮች ላይ ምን ምን እንዳለ በአንድ ስፍራ ተጽፎ የሚያሳያቸው መዝገብ ቢኖር ስምንተኛው ብቻውን የተለየ መሆኑን ባዩ ነበር፤ መዝገብ የሌለው ሰው ግን በጭንቅ ሰዓት የሚመራው በግምት ነው።

ናይት ካፒታል ከጥቂት ቀን በኋላ ከሌሎች የገንዘብ ድርጅቶች 400 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ከመውደቅ ቢድንም፤ ባለቤትነቱ ከእጁ ወጣ፤ በ2013ም ጌትኮ ከሚባለው ኩባንያ ጋራ ተዋሐደ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የአሜሪካ የአክሲዮንና የገበያ ተቈጣጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ 12 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል ወሰነበት። የኮሚሽኑ ውሳኔ ልብ ሊባል የሚገባው ጥፋቱን ኮዱን በገለበጠው ባለሙያ ራስ ላይ ሳያሳርፍ ኩባንያውን ስለ ጠየቀ ነው። ሰው ከስምንት አንዱን መዘንጋቱ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ በዚህ ሊፈረድበት አይገባም። ሊፈረድበት የሚገባው በሰው አለመዘንጋት ላይ ብቻ ተደግፎ በቢሊዮን የሚቈጠር ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው አለቃ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ዝቅተኛውን ሠራተኛ ቀጥቶ ነገሩን መዝጋት የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ከቅጣትነት አልፎ መድኃኒት አይሆንም።

መድኃኒቱ ከናይት ካፒታል ጥፋት በፊት ሲታሰብበት የኖረ ነው። በ1993 ማርክ በርጀስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የብዙ ኮምፒዩተሮችን አሠራር ከአንድ ጽሑፍ የሚያስተካክል ሲኤፍኢንጂን የተባለውን መሣሪያ አወጣ። በ2005 በአሜሪካዊው በሉክ ኬኒስ ፐፔት የተባለው፣ በ2009 ሼፍ የተባለው፣ በ2012 ደግሞ በማይክል ዴሃን አንሲብል የተባለው ተከተሉት። አሠራራቸው በብዙ ነገር ቢለያይም ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ባለሙያው በየሰርቨሩ እየገባ በእጁ መሥራቱን ትቶ፤ ሰርቨሩ ምን መምሰል እንዳለበት በአንድ አብነት ላይ ይጽፋል፤ መሣሪያው ደግሞ አብነቱን እያነበበ ስምንቱንም ሆነ ስምንት መቶውን ሰርቨር እንደ ተጻፈው ያደርጋል። አብነቱም «ይህ የጃቫ ዓይነት ይኑር፤ የቶምካት ሰርቨር በዚህ ስፍራ ይተከል፤ ይህ በር ይከፈት፤ ያኛው ይዘጋ፤ ይህ አገልግሎት ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ይነሣ» እያለ ይዘረዝራል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ማስተዋል የሚሻ አንድ ነገር አለ። አብነቱ የሚናገረው የሥራውን ፍጻሜ ነው እንጂ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ አይደርብም። መሣሪያው ሰርቨሩን መርምሮ እንደ ተጻፈው ሆኖ ካገኘው ምንም ሳይነካ ያልፈዋል፤ ጎድሎ ያገኘውን ብቻ ይሞላል። ስለዚህ ያንኑ አብነት ዐሥር ጊዜ ቢያስፈጽሙት ውጤቱ አንድ ጊዜ እንዳስፈጸሙት ነው። ይህ ቀላል ነገር ቢመስልም የባለሙያውን ፍርሃት ያነሣለታል፤ ሥራው በመካከል የተቋረጠ እንደ ሆነ ከየት እንደ ቆመ ሳይጨነቅ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። በእኩለ ሌሊት በእጅ የተለወጠችውም መስመር በሚቀጥለው ጊዜ ተገኝታ ወደ አብነቱ ትመለሳለች፤ ወይም ለውጡ መልካም ከሆነ በአብነቱ ላይ ተጽፎ ለሁሉም ይደርሳል።

አብነቱ የሚቀመጠው ጊት በሚባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ይህን መዝገብ በ2005 ያወጣው የሊነክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። መዝገቡ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደ ለወጠ ይይዛል፤ ለውጡ ጉዳት ያመጣ እንደ ሆነም ወደ ቀድሞው ቃል መመለስ ይቻላል። ለመሥሪያ ቤት አለቃ ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ባለሙያው ቢሄድ እውቀቱ ይቀራል፤ ሁለተኛው ሰው ለውጡን ሳያይና ሳይፈቅድ ምንም እንዳይተከል ማዘዝም ይቻላል። ናይት ካፒታል የጎደለው ይህ ሁለተኛ ዓይን ነበር።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ ተስፋፍቷል። በዚያ ዓመት ሰሎሞን ሃይክስ የሚመራው ድርጅት ዶከር የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ከፈተ። በዶከር ፕሮግራሙ ከጃቫውና ከሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ጋራ አንድ ጊዜ ብቻ ይታሸጋል፤ ጥቅሉም ኮንቴይነር ሆኖ በየስፍራው ይነሣል። በመፈተኛው የተፈተነው ያው ጥቅል ሳይፈታ ወደ መለማመጃው፣ ከመለማመጃውም ወደ ዋናው ስፍራ ያልፋል። ጥቅሉ ከውስጡ ነገር ተሰልቶ የሚወጣ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው ማኅተም አለው፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። የስምንቱን ሰርቨር ማኅተም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አንዱ ከሰባቱ ቢለይ ፕሮግራም የማያውቅ ጸሐፊ እንኳ ያየዋል። ሰርቨሮቹ እጅግ ሲበዙ ጥቅሎቹን የሚያሠማራው ኩበርኔትስ የተባለው መሣሪያ ነው፤ እሱንም ጉግል በ2014 አውጥቶታል።

ሁሉ አንድ ይሁን ሲባል ግን የማይመሳሰለውም አለ። የመፈተኛው ስፍራ ዳታቤዝ ከዋናው የተለየ ነው፤ የተለየም ሊሆን ይገባል። የይለፍ ቃሉም እንዲሁ። ስለዚህ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚለዋወጠው ነገር ከፕሮግራሙ ውስጥ ወጥቶ ለብቻው ይጻፋል፤ ፕሮግራሙም ሲነሣ ከውጭ ያነበዋል። የይለፍ ቃል ግን በአብነቱ ላይ በግልጥ ሊጻፍ አይገባውም፤ በተቈለፈ ማስቀመጫ ይኖራል። ይህን ቸል ብለው የመሥሪያ ቤታቸውን ቁልፍ ለዓለም ሁሉ በተከፈተ መዝገብ ላይ የጻፉ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም።

በዚህ አሠራር ላይ የሚቀርብ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እሱም ሊናቅ አይገባውም። ተቃዋሚዎቹ እንዲህ ይላሉ፤ ባለሙያው በእጁ ሲሠራ ቢሳሳት አንድ ሰርቨር ያበላሻል፤ መሣሪያው ሲሳሳት ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያበላሻል። ነገሩም እውነት ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ይኸውም ጁላይ 19 ቀን 2024፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ አንድ ጎዶሎ ፋይል ለደንበኞቹ ሁሉ አሠራጨ። ፋይሉ ተመልሶ የተሰበሰበው 78 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሲሆን፤ ማይክሮሶፍት እንደ ገለጠው 8 ሚሊዮን ተኩል ኮምፒዩተሮች በዚህ የተነሣ ቆመዋል። በዓለም ላይ በሺህ የሚቈጠሩ የአውሮፕላን ጉዞዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ከዚያ በፊትም በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 አንድ የአማዞን ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ሊያወጣ ፈልጎ ትእዛዙን ሲጽፍ ስለ ተሳሳተ ካሰበው እጅግ የበዙ ሰርቨሮች ወጥተው፤ በአሜሪካ ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሰዓታት ተቋርጧል።

ዳሩ ግን እነዚህ ሁለቱ ታሪኮች በደንብ ቢመረመሩ ወደ እጅ ሥራ መመለስን አያስተምሩም። አማዞን ከጥፋቱ በኋላ ያደረገው መሣሪያውን መተው አይደለም፤ መሣሪያው ሰርቨሮችን ቀስ እያለ እንዲያወጣ፣ ከተወሰነ ቍጥር በታች ሊያወርድ የሚል ትእዛዝ ቢደርሰውም እንዳይቀበል አደረገው። ክራውድስትራይክም ከዚያ ወዲህ ማሻሻያውን አስቀድሞ ለጥቂቶች፣ ደኅንነቱ ሲታይ ለሌሎች በየተራ ለመስጠት ወሰነ። ስለዚህ የአሠራሩ አንድነት በየተራ ከመትከል ጋራ አብሮ መሄድ አለበት፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ናይት ካፒታል በየተራ ተክሎ ነበር፤ አንድነትን ግን አላረጋገጠም። ክራውድስትራይክ አንድነት ነበረው፤ ተራ ግን አልጠበቀም። የሁለቱም ዋጋ በገንዘብ ተከፍሏል።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓቱ ላይ በደረሰ ስሕተት ምክንያት አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አውጥተው ወይም አስተላልፈው ነበር፤ አገልግሎቱም ለብዙ ሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ ነገሩ ከማሻሻያ ሥራ ጋራ የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጧል፤ ከገንዘቡም ብዙው ተመልሷል። የዚህና የናይት ካፒታል ጉዳይ ውስጠ ነገሩ የየራሱ ነው፤ የሚገናኙበት ስፍራ ግን ማሻሻያ የሚገባበት ሰዓት ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ሰዓት መሆኑ ላይ ነው። ያን ሌሊት ወሬው በተማሪዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሮጥ ምን ያህል እንደ ፈጠነ የሰማ ሁሉ፤ ገንዘብ በኮምፒዩተር የሚሄድ ከሆነ ስሕተትም በዚያው ፍጥነት እንደሚሄድ ተረድቷል።

ከዚያም ወዲህ የመንግሥት አገልግሎት በኮምፒዩተር ላይ የሚኖረው ድርሻ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ሞሲፕ በሚባል በሕንድ አገር በባንጋሎር በተዘጋጀና ምሥጢሩ ለሁሉ በተከፈተ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ነው። በዚሁ ፕሮግራም ፊሊፒንስን የመሳሰሉ ሌሎች አገሮችም ይገለገሉበታል። አንድ ፕሮግራም በዚህ ሁሉ አገር ሊተከል የቻለው የአተካከሉ ሥርዓት በጽሑፍ ስላለ ነው፤ በጥቂት ሰዎች ልብ ውስጥ ብቻ ቢኖር ከባንጋሎር ባልወጣ ነበር።

የትንንሽ መሥሪያ ቤት አለቆች ይህ ለትልልቆች እንጂ ሁለት ሰርቨር ብቻ ላለው አይሆንም ሲሉ ይሰማሉ። በእርግጥ ሁለት ሰርቨር ላለው መሥሪያ ቤት ኩበርኔትስን ማምጣት በሬን ለማረድ መድፍ እንደ መጥመድ ነው። አንሲብልን የመሰለው መሣሪያ ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ልዩ ፕሮግራም መትከልም አይሻም፤ ባለሙያው ቀድሞ ይገባበት በነበረው በዚያው መንገድ ይገባል። ይልቁንም ጥቂት ሰው ያለው መሥሪያ ቤት ከብዙ ሰው ባለቤቱ ይልቅ ይፈልገዋል፤ አንዱ ባለሙያ ቢታመም ወይም ወደ ውጭ አገር ቢሄድ የሚተካው የለምና። መብራት በሚጠፋበትና ሰርቨር በሚቃጠልበት ስፍራ ደግሞ አዲሱን ሰርቨር ከአብነቱ በጥቂት ሰዓት ማስነሣትና ለሳምንታት በግምት መሥራት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋጋው አብነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ይህም ጊዜ የሚታይ ፍሬ ስለሌለው ከአለቃ ዘንድ ፈቃድ ለማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ይኖራል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። አብነቱ ሰርቨሩን ይመልሳል እንጂ በዳታቤዝ ውስጥ ያለውን የሕዝብ መዝገብ አይመልስም። የመዝገቡ ቅጂ ለብቻው በሌላ ስፍራ መቀመጥ አለበት፤ ማሻሻያው የመዝገቡን አደረጃጀት የሚለውጥ በሆነ ጊዜም ወደ ቀድሞው መመለስ ፕሮግራሙን እንደ መመለስ ቀላል አይደለም። ይህን የማይናገር የፕሮግራም ሻጭ ቢኖር ሸቀጡን ብቻ እያሞገሰ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከውጭ ሲያስሠሩ ብዙ ጊዜ የሚረከቡት የሚሠራ ገጽና ወፍራም መግለጫ መጽሐፍ ነው። መግለጫው የተጻፈው ሥራው ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ ከሰርቨሩ ጋራ የሚስማማበት ቀን አጭር ነው። በውሉ ላይ ሊገባ የሚችል አንድ ፈተና ግን አለ። በርክክቡ ቀን ለፈተና ተብሎ የተዘጋጀ አንድ ባዶ ሰርቨር ይቀርባል፤ የሥራ ተቋራጩ ሰዎች ከክፍሉ ይወጣሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ባለሙያ አብነቱን ብቻ ይዞ አገልግሎቱን ከምንም ያስነሣል፤ ሰዓቱም በመዝገብ ይጻፋል። ካልተነሣ የመጨረሻው ክፍያ አይከፈልም። ከተነሣም ያው ፈተና በየዓመቱ፣ ይልቁንም ባለሙያ በተለወጠ ቍጥር፣ እንዲደገም በውሉ ይገባል፤ የተጻፈው ሰዓት ካለፈው ዓመት ረዝሞ የተገኘ እንደ ሆነ በመካከሉ በእጅ የተለወጠና ያልተጻፈ ነገር መኖሩ ይታወቃል።